ዲስክና ዲስክ ሲወዛገቡ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከጅማ የደረሱን ናቸው፤ ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው። ቤት ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ በሬይድ የተጣመሩ ዲስኮች፣ ማለትም አንዱ ቢወድቅ ዳታው እንዳይጠፋ እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ዲስኮች፣ በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ምርመራው ቼክ፣ ያልገጠመው ነገር ሚስማች፣ ማስተካከያው ሪፔር ይባላል፤ የሚወጣው ውጤት ግን ብዙ ሰው ያደናግራል። ክረምት ከገባ ወዲህ ጥያቄው መብዛቱ አልገረመንም። መብራት ሄድ መለስ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ሰርቨሩ ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግና የምርቃት ፎቶዎችን የማስቀምጠው ቤቴ ባለ የኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ነው፤ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 5 ተጣምረዋል። ባለፈው ወር ቼኩ ሲያልቅ የሚስማች ቆጠራው 24 ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ 0 ነበር። አንድ ወዳጄ ‹ሪፔር በለው፣ ወዲያው ይጠፋልሃል› አለኝ። ልበለው?»

መልስ፦ አይበሉት። ቢያንስ ዛሬ አይበሉት።

ሬይድ 5 በአራት ዲስክ ሲሠራ በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስቱ ዲስኮች ዳታውን፣ አንዱ ደግሞ ከሦስቱ ተሰልቶ የወጣውን ፓሪቲ ይይዛሉ። ቼክ ማለት አራቱንም አንብቦ ስሌቱን እንደገና ማስላት ነው። ካልገጠመ ይቆጥራል እንጂ ከአራቱ የትኛው እንደሳተ አያውቅም። ባለጉዳዮቹ ሲካሰሱ ምስክር ያጣ ዳኛ ነው። ሪፔር ሲባል ግን ይፈርዳል፦ «ዳታው ልክ ነው፣ የተሳሳተው ፓሪቲው ነው» ብሎ ፓሪቲውን ይጽፋል። የተበላሸው ፓሪቲው ከሆነ ፍርዱ ልክ ነው። የተበላሸው ፎቶው ከሆነ ግን ጥፋቱን መመስከር የሚችለው ፓሪቲ ተደመሰሰ፤ ቆጠራው 0 ይላል፣ ፎቶው እንደተበላሸ ይቀራል። ወዳጅዎ «ይጠፋልሃል» ያሉት እውነት ነው፤ የሚጠፋው ግን ቁጥሩ ነው።

አሁን 24ን እናንብበው። ቆጠራው በ512 ባይት ሴክተር ነው። ሬይድ 5 በአንድ ጊዜ የሚያወዳድረው 8 ሴክተር፣ ማለትም 4 ኪሎባይት ስለሆነ ቁጥሩ ምንጊዜም በ8 ይካፈላል። ስለዚህ የእርስዎ 24 ሦስት ቦታ ነው። ከየሦስቱ ቦታ አንዷ ባይት ብቻ ተሳስታ ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪው ግን ስምንቱንም ይመዘግባል። ሦስት ቦታ ብዙ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጄፔግ ፎቶ መሃሉ ላይ 4 ኪሎባይት ሲበላሽ ከዚያ ነጥብ ወደ ታች ያለው ክፍል ግራጫ ይሆናል፣ ወይም ቀለሙ ይቀየርና ምስሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ሙሽራዋ ከደረቷ በላይ ደህና ናት፣ ከዚያ በታች የለችም።

ማንበብ ያቃተው ሴክተርና ሚስማች አንድ አይደሉም፤ ይህን ብዙ ሰው ያቀላቅላል። ዲስኩ ራሱ «ይህን ሴክተር ማንበብ አልቻልኩም» ካለ ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው። ሬይዱ ከቀሩት ሦስት ዲስኮች አስልቶ እዚያው መልሶ ይጽፈዋል፤ ይህ በተራ ቼክም ጊዜ ይሆናል፣ ሪፔር ማለት አያስፈልግም። በከርነል ሎግ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በሚጽፈው መዝገብ) ላይ የንባብ ስህተት ታርሟል የሚል መስመር ይገኛል። ሚስማች ግን ሁሉም ዲስኮች «አነበብኩ፣ ደህና ነኝ» ብለው መልሱ ሳይገጥም ሲቀር ነው።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። አዲስ ዳታ ሰርቨሩ ላይ መጻፍ ያቁሙ። ባክአፕ ካለዎት አይንኩት፤ በተለይ የተበላሸውን ፎቶ በደህናው ላይ እንዳይገለብጥ በራሱ የሚሠራውን የባክአፕ ፕሮግራም ያቁሙት። ከዚያ የከርነል ሎጉን ይክፈቱ። በቅርብ ዓመታት የወጡ ከርነሎች በሬይድ 5 እና 6 ላይ ሚስማች የተገኘበትን የሴክተር ክልል ይጽፋሉ። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ቀጥሎ ሁለተኛ ቼክ ያስኪዱ፤ ከሁሉ የሚጠቅመው እርምጃ ይህ ነው። ሁለተኛው ቼክ እንደገና 24፣ ቦታዎቹም እነዚያው ከሆኑ ስህተቱ አንድ ጊዜ ተጽፎ ዲስክ ላይ የተቀመጠ የድሮ ጥፋት ነው፤ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ሄዶ የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከተለወጠ ወይም ቦታው ከተቀያየረ ግን ጥፋቱ አሁንም እየተፈጠረ ነው፤ ያኔ ተጠርጣሪዎቹ ራም፣ ኬብል፣ የዲስክ ካርድና ፓወር ሰፕላይ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ሪፔር ማለት በሚንቀጠቀጥ እጅ መርፌ መውጋት ነው፤ ደህናውንም ያበላሻል።

ሁለተኛው ቼክ ሙሉውን 4 ቴራባይት መዞር የለበትም። ቼክና ሪፔር የሚታዘዙበት ሲንክ አክሽን የሚባለው ፋይል ባለበት ማውጫ ውስጥ ሲንክ ሚን እና ሲንክ ማክስ የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ፤ መነሻና መድረሻ ሴክተር ይጻፍባቸዋል። ቁጥሩ በቸንኩ (ሬይዱ በአንድ ዲስክ ላይ በተከታታይ በሚጽፈው ቁራጭ) ልክ መካፈል አለበት፤ የተለመደው ቸንክ 512 ኪሎባይት ስለሆነ በ1024 የሚካፈል ቁጥር ይውሰዱ። ቼኩ መድረሻው ላይ ሲደርስ አላለቀም፣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተበላሸ ብለው እንዳይደነግጡ። ሲንክ አክሽን ላይ አይድል ብለው ይጻፉና ያብቃ። መጨረሻ ላይ ሲንክ ሚንን ወደ 0፣ ሲንክ ማክስን ማክስ ወደሚለው ቃል መመለስ አይርሱ። ከተረሳ በሚቀጥለው ወር የሚመረመረው ያቺው ቁራጭ ብቻ ትሆናለች፤ እርስዎም «ንጹህ ነው» ብለው ይተኛሉ።

ቦታው ካልተለወጠ ፎቶዎቹን ከባክአፕ ጋር አርሲንክ በሚባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ያወዳድሩ፤ ሳይገለብጥ በቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር) ብቻ እንዲያወዳድር ሊታዘዝ ይችላል። መጠንና ቀን ብቻ ካየ ምንም አያገኝም፤ የተበላሸው ፎቶ መጠኑም ቀኑም አልተለወጠም። የተለየ ፋይል ከተገኘ ሁለቱንም ከፍተው በዓይን ይዩ፤ ደህናውን ይመልሱ። ሪፔር ከዚህ በኋላ ነው። ከሪፔር በኋላ ወዲያው ቼክ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ቼክ፤ ሁለቱም 0 ማለት አለባቸው።

ሁለት ነገሮች በአጭሩ። ቆጠራው በሚሊዮን የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ ሬይዱ ሲፈጠር የመጀመሪያው ማመሳሰል ተዘሎ ነበር ብለን እንጠረጥር ነበር፤ ያኔ መድኃኒቱ ሪፔር ነው። አንዱ ዲስክ የሌላው ቅጂ በሆነበት ሬይድ 1 ላይ ደግሞ፣ በተለይ ስዋፕ (ለራም ማገዣ የሚውለው የዲስክ ክፍል) እዚያው ካለ፣ ትንሽ ሚስማች ያለ ምንም ብልሽት ሊታይ ይችላል። ሬይድ 5 ላይ ግን ይህ ሰበብ አይሠራም።

ጥያቄ፦ «ከፈረንጅ አራዳ ነኝ። ቼኩ አያልቅም! 40 በመቶ ሲደርስ መብራት ይሄዳል፣ ሲመጣ ከ0 ይጀምራል። አንዳንዴ ደግሞ ጠዋት ሥራ ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ቀርፋፋ ሆኖ ይቆያል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ መጀመሪያ ኤምዲስታት (የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየው ፋይል) ላይ የሚታየውን ቃል ለይተው ይንገሩን፦ ቼክ ነው ወይስ ሪሲንክ? ያለ ወጉ ከጠፋ በኋላ ሰርቨሩ በራሱ የሚጀምረው ሪሲንክ፣ ማለትም ዲስኮቹን እንደገና ማስማማት ነው፤ እሱ መቆም የለበትም። ሬይዱ ቢትማፕ (ሊጻፍባቸው የነበሩ ቦታዎች ማስታወሻ) ካለው ሪሲንኩ ሊጽፍ ላይ የነበረበትን ቦታ ብቻ ስለሚያይ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ከሌለው ሙሉ ዲስኩን ይዞራል። በቅርብ ዓመታት የተፈጠረ ትልቅ ሬይድ ቢትማፑን ይዞ ነው የሚወለደው፤ ከሌለ ሬይዱን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ በኤምዲአድም፣ ሬይዱ ሥራ ላይ እያለ ይጨመራል።

ቃሉ ቼክ ከሆነ ግን እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ተራው ቼክ የደረሰበትን አያስታውስም። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በአማካይ በሴኮንድ 130 ሜጋባይት ቢነበብ 8 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በዩኤስቢ 2 በኩል ከሆነ፣ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ብንል፣ ወደ 32 ሰዓት። ጅማ ላይ በክረምት 32 ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት መጠበቅ የዋህነት ነው።

መፍትሔው ቆራርጦ መመርመር ነው። ከኤምዲአድም ጋር የሚመጣው ኤምዲቼክ የሚባለው ስክሪፕት የሚሠራው ይህንን ነው፦ ለተወሰነ ሰዓት ይመረምራል፣ የደረሰበትን ይመዘግባል፣ በማግስቱ ሌሊት ከዚያው ይቀጥላል። የተለመደው 6 ሰዓት ነው፤ ወደ 2 ሰዓት ዝቅ ያድርጉት። ከላይ ባልነው በሴኮንድ 130 ሜጋባይት 2 ሰዓት ማለት ወደ 900 ጊጋባይት ነው፤ በአምስት ሌሊት ያልቃል። አንዱ ሌሊት መብራት ቢሄድ የሚባክነው የዚያ ሌሊት ሥራ ብቻ ነው።

የጠዋቱ መንቀራፈፍ ምንጩ ሰዓት ይመስለናል። ኤምዲቼክ በአብዛኛው የሚነሳው በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ የቀድሞው የዴቢያን ስክሪፕት ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ57 ላይ። ሰርቨሩ ሲጫን የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ካልተባለና ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ከቀረ ግን ያ 7 ሰዓት ለእርስዎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ ስድስት ሰዓት ሲጨመርበት ረፋድ 4 ሰዓት ድረስ ይዞት ይቆያል። የሰዓት ክልሉን ያስተካክሉ። የፈረንጁ ወር መጀመሪያ በኛ ቀን መቁጠሪያ ከ20 እስከ 26 ባለው ላይ ስለሚውል «የወሩ መጀመሪያ እሑድ» ሲባል የኛን ወር አንድ ብለው አይጠብቁ።

መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ሳንቲም ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ አልቃለች። እሷ ካለቀች የጊዜ ሰሌዳው ሁሉ ይዘበራረቃል፤ ሎግም ትርጉም ያጣል።

ዩፒኤስ ካለዎት በዩኤስቢ ኬብል ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙት፤ ናት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩን በወጉ ያጠፋዋል። ባለ አራት ዲስክ የቤት ሰርቨር ወደ 60 ዋት ይበላል፤ አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ አዲስ ሳለ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢይዝ ነው። ሁለት ዓመት ያለፈው ባትሪ ግን ቆጥረው የሰጡትን ደቂቃ አያከብርም፤ መብራት ባለበት ቀን ሶኬቱን ነቅለው፣ ሰርቨሩ ላይ ምንም ሳይሠሩ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ይለኩ። ማጥፊያውንም በግማሹ ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ «ሰፈሬ አጂፕ ነው። ሦስተኛው ዲስክ ቼክ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሬይዱ ይወድቃል። አውጥቼ ላፕቶፕ ላይ ስፈትሸው ጤነኛ ነው፤ መልሼ ሳስገባው ደግሞ ይወድቃል። የስማርት (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበው) ቁጥሮቹ፦ 5 ላይ 0፣ 197 ላይ 0፣ 199 ላይ 312። አዲስ ዲስክ ልግዛ?»

መልስ፦ ገንዘብዎን ይያዙ። ተራ ቁጥር 5 እና 197 ስለ ዲስኩ ገጽ ናቸው፦ የተተኩ ሴክተሮችና ለመተካት የሚጠባበቁ ሴክተሮች። ሁለቱም 0 ነው ብለዋል። 199 ግን ስለ መንገዱ ነው፤ ዳታው ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ ሲሄድ 312 ጊዜ ተበላሽቶ ደርሷል። ላፕቶፑ ላይ ጤነኛ የሆነው መንገዱ ሌላ ስለሆነ ነው። ቼክ ሲጀመር የሚወድቀውም አራቱም ዲስኮች አንድ ላይ ሙሉ ኃይል ሲሠሩ ንዝረቱም፣ ሙቀቱም፣ የሚስቡት ኃይልም ስለሚጨምር ነው።

ሰርቨሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ። የየዲስኩን ሲሪያል ቁጥር የመጨረሻ አራት ፊደላት በፕላስተር ላይ ጽፈው ግንባሩ ላይ ይለጥፉ፤ ከርነሉ የሚሰጠው ፊደል በየማስነሻው ሊቀያየር ይችላል፣ ደህናውን ነቅሎ በሽተኛውን ማስቀረት በዚህ ሥራ የታወቀ ስህተት ነው። ከዚያ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ዲስክ የዳታ ኬብል ያቀያይሩ። ቼክ አስነስተው 199ን ይከታተሉ። ኬብል ቢቀየርም 312 ወደ 0 አይመለስም፤ የሚታየው መጨመሩ ነው። አራተኛው ላይ መጨመር ከጀመረ ኬብሉ ነው። ሦስተኛው ላይ ከቀጠለ የማዘርቦርዱን ሶኬት ይቀይሩ፤ አሁንም ካለ ወደ ኃይል መስመሩ ይሂዱ።

ኬብሉን በቅርብ ይዩት። ሳታ የሚባለው የዚህ ኬብል አፍ የላቲን ኤል ቅርጽ ያለው ቀጭን ቀዳዳ ነው፤ ውስጡ ባሉት ቢጫ ጥርሶች ላይ ጭረት ወይም ጥቁር አቧራ ካለ፣ ወይም የብረት መቆንጠጫ የሌለው ኬብል ሆኖ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ይጣል። ማጽዳት ካስፈለገ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በንጹህ ጨርቅ፤ ባለ 70 በመቶው አልኮል ውሃም ስላለበት በደንብ ይድረቅ። በአፍ እፍ አይበሉበት፣ ምራቅ ነው የሚጨምሩለት።

የኃይል መስመሩ ላይ የሚፈለገው ከድሮው ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ወደ ሳታ የሚቀይረው አዳፕተር ነው። ሽቦዎቹ ፕላስቲክ ቀልጦባቸው በአንድ የተሠራው ዓይነት ውስጡ እየተነካካ ይቃጠላል፤ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ ዛሬውኑ ያውጡት። ፓወር ሰፕላዩንም ይጠርጥሩ፤ አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሳ ከ12 ቮልቱ መስመር ወደ 2 አምፒር ይስባል፣ አራቱ አንድ ላይ 8 አምፒር ገደማ።

ዲስኩን ሲመልሱ በኤምዲአድም ሪአድ (መልሰህ ጨምር) ይበሉ እንጂ አድ (ጨምር) አይበሉ፤ ቢትማፕ ካለ ሪአድ ያመለጠውን ብቻ ያሟላል። ክሪኤት (ፍጠር) የሚለውን ትእዛዝ ግን በምንም ምክንያት አይንኩት። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ወድቆበት ሳለ ሌላው ከወደቀ ሁሉም ስለሚቆም፣ ይህን ሁሉ ከመነካካትዎ በፊት ዋና ዋናውን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ።

ሎጉ ላይ የኬብል ስህተት ሳይኖር ከ30 ሴኮንድ ጥበቃ በኋላ ዲስኩ ተጣለ የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የዴስክቶፕ ዲስክ ክፉ ሴክተር ሲገጥመው ከደቂቃ በላይ ይታገላል፤ ከርነሉ ግን በ30 ሴኮንድ ተስፋ ይቆርጣል። ዲስኩ የሚቀበል ከሆነ የስህተት መታገያ ጊዜውን ስማርትን በሚያነበው ፕሮግራም፣ በስማርትሲቲኤል፣ 70 ያድርጉት፣ ቁጥሩ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ስለሆነ ይህ 7 ሴኮንድ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ስለሚረሳው ማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ ይግባ። ካልተቀበለ የከርነሉን ጥበቃ ወደ 180 ሴኮንድ ከፍ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ «ኪቶ ፉርዲሳ የምማር ተማሪ ነኝ። ዜድኤፍኤስ (ዳታን በቼክሰም የሚያጣራው የፋይል ሥርዓት) ስክረብ፣ ማለትም ሙሉ ምርመራ፣ ሲያደርግ በሦስቱም ዲስኮች ላይ የቼክሰም ስህተት ተመዘገበ፤ 11፣ 9፣ 14። ሦስቱም አንድ ላይ ታመሙ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሦስት ዲስክ በአንድ ሳምንት አይታመምም። አንዱ ላይ ብቻ ቢሆን ዲስኩን ወይም ኬብሉን እንልህ ነበር፤ በሁሉም ላይ እኩል ሲረጭ ሁሉም የሚጋሩትን ፈልግ፦ ራም፣ የዲስክ ካርድ፣ ፓወር ሰፕላይ። ሜምቴስት86 ፕላስ በፍላሽ አስነስተህ ሌሊቱን አሳድረው፤ ቢያንስ አራት ዙር። አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣህ ደግመህ ፈትን። የራሙን ወይም የፕሮሰሰሩን የሥራ ፍጥነት በባዮስ ከፍ አድርገህ ከሆነም መጀመሪያ ወደ ነበረበት መልሰው። ራሙ ሳይጣራ ስክረብ አትድገም። ዜድኤፍኤስ ከሬይድ 5 የሚሻለው የትኛው ቅጂ ልክ እንደሆነ በቼክሰም ማወቁ ነው፤ ማረም ያልቻለውን ፋይል በስም ይዘረዝርልሃል። እነዚያን ከባክአፕ መልስ፤ ዝርዝሩ እስኪጸዳ አንዳንዴ ሁለት ስክረብ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ «ከጅሬን። ለመቀየሪያ የገዛሁት ዲስክ ‹አዲስ› ተብሎ ነው፤ በምን አውቃለሁ?»

መልስ፦ ስማርት ላይ ተራ ቁጥር 9 ያገለገለበትን ሰዓት ይናገራል፤ አዲስ ከሆነ ነጠላ አሃዝ ነው። ቁጥሩ ግን ሊደመሰስ ይችላል። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ ተብለው የተሸጡ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች በአውሮፓ ተገኝተው ነበር፤ የተጋለጡት ፋርም በሚባለው ሌላ መዝገብ ነው። ስማርትሲቲኤል ከ7.4 ጀምሮ ያነበዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሰዓት ከተራራቀ ዲስኩን ይመልሱ። ሁለተኛ፣ የሞዴል ቁጥሩን አይተው ኤስኤምአር መሆን አለመሆኑን ይለዩ፤ ዱካዎቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረቡበት ዓይነት ሪቢልድ (የተተካውን ዲስክ መልሶ መሙላት) ላይ እጅግ ይጓተታል፣ ከሬይድም ሊወድቅ ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ሬድ በሚለው ስም ከሚሸጣቸው ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ከሆኑት መካከል ኤስኤምአር እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ሬድ ፕላስ የሚለውን ስም ዱካቸው ላልተደራረበው፣ ለሲኤምአሮቹ ለየ። ሬይድ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት የስማርቱን ረጅም ፍተሻ ያስኪዱ፤ ለ4 ቴራባይት ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። ደረሰኙ ላይም የሲሪያል ቁጥሩን ያስጽፉ፤ ያለዚያ ሻጩ «የኔ አይደለም» ቢል የሚከራከሩበት የለዎትም።